መዥገር ጆሮ ውስጥ ሲገባ፦ የሚባለውና የሚሆነው

መዥገር ጆሮ ውስጥ ገባ ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚፈራው ለአንጎል ነው። «እየበላ ወደ ውስጥ ይዘልቃል» ይባላል። አይዘልቅም። የጆሮ ቀዳዳው ጫፍ ላይ ታምቡሩ ተወጥሮ መንገዱን ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ አንጎልን የሚከልል አጥንት አለ። መዥገሩም የሚፈልገው ስስ ቆዳና ደም ነው፤ ያንን ካገኘ አፉን ተክሎ እዚያው ይቀመጣል።

«ከገባማ ሕመሙ ያስጮኻል» የሚለውም ሁልጊዜ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ የሕክምና ዘገባ፣ በአሜሪካ ኮነቲከት የሚኖር የ9 ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት ደጅ ሲጫወት ከዋለ በኋላ ጆሮው ውስጥ «እዝዝ» የሚል ድምፅ ይሰማው ጀመር። ሕመም የለውም። ሐኪሞች ሲያዩት መዥገሩ ታምቡሩ ላይ ተጣብቋል። ክሊኒክ ውስጥ ሊያወጡት ሞከሩ፤ አፉ ከቆዳው ሥር ተቀብሮ ስለነበር አልሆነም። በመጨረሻ ልጁ ማደንዘዣ ተሰጥቶት፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ በማይክሮስኮፕ እየታየ ወጣለት። ከአንድ ወር በኋላ ታምቡሩ በደንብ ድኖ ነበር።

ሐኪም በመሣሪያ እንዲህ የተቸገረበትን ነገር ቤት ውስጥ በወረንጦ ወይም በክብሪት እንጨት መጎርጎር አደጋ ነው። የመዥገር አፍ ወደ ኋላ የዞሩ እሾሆች አሉት፤ ሲጎተት ተቆርጦ ሊቀር፣ ታምቡርም ሊቀደድ ይችላል። ነጭ ጋዝ ጠብ ማድረግም የጆሮን ቆዳ ያቃጥላል። ታምቡሩ አስቀድሞ ተበስቶ ከሆነ ደግሞ ውሃ እንኳ ወደ መካከለኛው ጆሮ ያልፋል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ብዙም የማይወራው ነው። የፊትን ጡንቻ የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በመካከለኛው ጆሮ አጠገብ፣ በጠባብ የአጥንት ቦይ ውስጥ ያልፋል። በቱርክና በሕንድ ጆሯቸው ውስጥ መዥገር የተገኘባቸው ሰዎች በዚያው ወገን ፊታቸው ሽባ ሆኖ ታክመዋል፦ ዓይን አይከደንም፣ ከንፈር ይወርዳል። አንዱ ምክንያት በመዥገሩ ምራቅ ውስጥ ያለው መርዝ እንደሆነ ይታሰባል። ፊት ሲጣመም «ብርድ መትቶት ነው» ብሎ ቤት መቀመጥ፣ ጆሮው ሳይታይ ቀናት እንዲያልፉ ያደርጋል።

መዥገር አይዘልም፣ አይበርም፤ ከሣር ወይም ከእንስሳ ላይ ተሳፍሮ ይመጣል። በስሪላንካ ኑዋራ ኤሊያ የእሽቅድድም ፈረስ የሚንከባከቡ ሠራተኞች ጆሮ ውስጥ የተገኘው ዝርያ ከፈረሶቹ ጋጣ የመጣ ነበር። ከብት ጋጣ የሚያድርም ሆነ ሣር ላይ የሚጫወት ልጅ ጆሮው ከበላው ወይም ከጮኸበት፣ ሐኪም በብርሃን ይየው። መዥገሩ ከወጣ በኋላም ትኩሳት፣ ሽፍታ ወይም የፊት መጣመም ከታየ እንደገና ወደ ሐኪም መመለስ ያስፈልጋል፤ የወጣውንም በትንሽ ብልቃጥ ይዞ መሄድ ዝርያውን ለመለየት ይረዳል።