ቁጥር 1 የሚል ቆርቆሮ

አዲስ አበባ ውስጥ የሕፃናት የዱቄት ወተት በፋርማሲ ሲሸጥ አብዛኛውን ጊዜ ከሻጯ ጀርባ ከፍ ብሎ ይደረደራል። ናን አለ፣ ኤስ-26 አለ፣ ቤቤላክ አለ፣ ሊፕቶሚል አለ። የሦስት ሳምንት ልጁን ቤት ትቶ የመጣ አባት አንጋጦ ያያቸውና «የትኛው ይሻላል?» ይላል። የልጅ ነገር ነውና እጁ ወደ ውዱ ያደላል። መልሱ ግን ለሻጭም ለገዢም እምብዛም አይጥምም፦ ለአንድ ዕድሜ ተብለው ከተሠሩትና በሕጋዊ መንገድ ከገቡት መካከል በዋናው ነገር ከሌላው የሚበልጥ የለም። መጨነቅ የሚገባው በሌላ በኩል ነው፤ በቁጥሩ፣ በኪሱና በውሃው።

ቆርቆሮው ውስጥ ያለው በአብዛኛው የላም ወተት ነው፤ ግን ተበታትኖ እንደገና የተገጠመ የላም ወተት። ላም ወተቷን የምትሰጠው በጥቂት ወራት ለሚገዝፍ ጥጃ ስለሆነ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 3.3 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። የእናት ጡት ወተት ግን 1 ግራም ያህል ብቻ ነው የሚይዘው። ማዕድኑም እንዲሁ ይበዛል፤ ያልጠነከረ የሕፃን ኩላሊት ያንን ሁሉ ለማጣራት ይቸገራል። የፕሮቲኑ ዓይነትም ይለያል። አይብ አውጥቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ በቀላሉ ይገባዋል፦ ከላም ወተት ፕሮቲን 80 በመቶ ያህሉ አይብ ሆኖ የሚረጋው ኬዚን ነው፣ አጓቱ ውስጥ የሚቀረው 20 በመቶ ገደማ ነው። በእናት ወተት የሚበዛው ደግሞ የአጓቱ ወገን ነው። ስለዚህ ፋብሪካው የላሟን ቅባት ያወጣና በምትኩ የሱፍ፣ የፓልም ወይም የኮኮናት ዘይት ያስገባል፤ አጓት ይጨምራል፤ ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር ከፍ ያደርጋል፤ ብረት፣ አዮዲን፣ ቫይታሚን ዲና ሌሎችንም ይቀላቅላል፤ በመጨረሻም በሙቅ አየር ያደርቀዋል። ከላም በቀጥታ የታለበ ወተት አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ዋና ምግብ የማይሆነው ለዚህ ነው። ብረቱ በጣም ትንሽ ነው፣ በአንዳንድ ሕፃናትም አንጀትን በዓይን በማይታይ መጠን ያደማል። በውሃ ማቅጠኑም አያድነውም፤ ፕሮቲኑ ሲቀንስ ጉልበት የሚሰጠውም አብሮ ይቀንሳልና።

ሙከራው የቆየ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ እ.ኤ.አ. በ1865 ከላም ወተት፣ ከስንዴ ዱቄት፣ ከብቅልና ከፖታሺየም ባይካርቦኔት የሕፃናት ምግብ አዘጋጀ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሄንሪ ኔስሌ በስዊዘርላንዷ ቬቬይ ከወተት፣ ከስንዴ ዱቄትና ከስኳር የሠራውን ለገበያ አቀረበ። ሁለቱም ዛሬ ቢቀርቡ ፈቃድ አያገኙም። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በአመዛኙ የጎደለውን በሕፃናት ጉዳት እያወቁ የመሙላት ታሪክ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1970ዎቹ መጨረሻ ክሎራይድ ያነሰው የአኩሪ አተር ወተት ብዙ ሕፃናትን አሳመመ፤ አገሪቱ ለሕፃናት ወተት ብቻ የወጣውን ሕግ ያጸደቀችው በ1980 ከዚህ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ሬሜዲያ የተባለው ኩባንያ እስራኤል ውስጥ የሚሸጠው፣ ጀርመን የተመረተ የአኩሪ አተር ወተት ቫይታሚን ቢ1 ጎድሎት ተገኘ። መለያው ላይ ግን ቫይታሚኑ እንዳለ ተጽፎ ነበር። ሕፃናት ሞቱ፤ የተረፉትም አንዳንዶቹ ዕድሜ ልካቸውን የሚቆይ ጉዳት ተሸከሙ። ሌላ ምንም ለማይቀምስ ልጅ አንዲት ቫይታሚን ስትጎድል ማካካሻ የለም።

ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ አሊመንታሪየስ እና የየአገሩ ሕግ ለዚህ ነው እያንዳንዱን ነገር በልክ ያሰሩት። የተዘጋጀው ወተት በ100 ሚሊ ሊትር ከ60 እስከ 70 ኪሎ ካሎሪ መስጠት አለበት፤ ለፕሮቲን፣ ለቅባትና ለዋና ዋናዎቹ ቫይታሚኖች ከዚህ አያንስም፣ ከዚህ አይበልጥም ተብሎ ተደንግጓል። ወለልም ጣሪያም ካለው፣ አንዱ አምራች ከሌላው ርቆ የሚሄድበት ቦታ ጠባብ ነው። የእንግሊዝ የንግድ ውድድር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ባወጣው ሪፖርት ያሳሰበውም ይኸው ነበር፦ ወላጆች ዋጋን የጥራት ምልክት አድርገው ስለሚወስዱ ያለ ጥቅም ብዙ ይከፍላሉ።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። 1 የሚለው ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ነው፣ 2 ከስድስት ወር በኋላ፣ 3 ከዓመት በኋላ። ለአራስ ልጅ 2 ወይም 3 መስጠት ስህተት ነው። በተቃራኒው ግን ስድስት ወር ሞላው ተብሎ ከ1 ወደ 2 መሻገር ግዴታ አይደለም፤ ቁጥር 1 እስከ ዓመቱ ያደርሰዋል። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ቁጥር 2 የሚባለው ወተት አስፈላጊ እንዳልሆነ ሲናገር ቆይቷል። ቁጥር 3 በአመዛኙ የገበያ ፈጠራ ነው ብል ብዙ የሕፃናት ሐኪሞች አይቆጡኝም፤ ዓመት የሞላው ልጅ ከቤተሰቡ ማዕድ ጋር ተራ ወተት ይበቃዋል። ከሁሉ የከፋው ስህተት የሚደርሰው ሱፐርማርኬት ውስጥ ነው። ኒዶን የመሰለ የዱቄት ወተት በዚያው መደርደሪያ፣ በተመሳሳይ ቆርቆሮ፣ ባነሰ ዋጋ ተቀምጧል። ያ ለሻይና ለትልልቅ ልጆች የሚሆን ወተት እንጂ ለሕፃን የተሠራ አይደለም።

ቆርቆሮው ፊት ላይ የሚያብረቀርቁት ጽሑፎችስ? ዲኤችኤ የሚሉት ቅባት በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በግዴታ የሚገባ ስለሆነ ለአውሮፓ ገበያ በተመረተ ወተት ላይ እንደ ልዩ ነገር መቁጠሩ ትርጉም የለውም። ፕሮባዮቲክስና ሌሎቹም ጉዳት የላቸውም፤ ለእነሱ ሲባል ግን ከቤት ኪራይ መቀነስ አይገባም። የተለየ ወተት በእርግጥ የሚያስፈልጋቸው ልጆች አሉ። የላም ወተት አለርጂ ያለበት፣ ሰገራው ላይ ደም የሚታይ፣ ሽፍታ የሚወጣበት ልጅ ፕሮቲኑ ሙሉ በሙሉ የተሰባበረ ወተት በሐኪም ይታዘዝለታል። «ለሆድ ምቹ» ተብሎ በከፊል ብቻ የተሰባበረው ለዚህ አይሆንም። የፍየል ወተትም መፍትሔ አይደለም፤ የላሙ ያሳከከው ልጅ የፍየሉም ብዙ ጊዜ ያሳክከዋል። ያለ ቀኑ ለተወለደ ልጅም ሌላ ወተት አለ፣ እሱም በሐኪም ትእዛዝ። ስላቀረሸ፣ ማታ ማታ ስላለቀሰ ወይም አንድ ቀን ሆዱ ስለደረቀ በየሳምንቱ ቆርቆሮ መቀያየር ግን ለሻጩ እንጂ ለልጁ ጥቅም የለውም።

ማነው የሚገዛው የሚለውም ጥያቄ አለ። ኢትዮጵያ አሁንም የምታጠባ አገር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት 59 በመቶው የእናት ጡት ብቻ የሚያገኙ ነበሩ። ሕፃኑን ከተቅማጥና ከሳንባ ምች የሚጠብቀውን መከላከያ ዱቄቱ አይሰጥም፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1981 የወተት አምራቾችን ማስታወቂያ የሚገድበውን ደንብ በ118 ድምፅ ሲያጸድቅ የተቃወመችው አሜሪካ ብቻ ነበረች። ቢሆንም የከተማ እናት ጣሳ የምትገዛው ማስታወቂያ አታሏት ብቻ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጣት 90 ቀን ነው፤ ጤና ጣቢያ ደግሞ ስድስት ወር ጡት ብቻ ይላታል። ቆርቆሮው የሚገባው በዚህ በሦስት ወሩ ክፍተት ነው። የምትችል እናት ጡቷን አልባ ታስቀምጣለች፤ የታለበ የጡት ወተት ፍሪጅ ውስጥ እስከ አራት ቀን ይቆያል። ቤቷ ፍሪጅ፣ መሥሪያ ቤቷ ለማለብ የሚሆን ክፍል የሌላት ግን ሌላ ምን ምርጫ አላት? ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባትን እናት በተመለከተ የቀድሞው ምክር ተለውጧል፤ መድኃኒቷን በአግባቡ የምትወስድ እናት እንድታጠባ በእኛ አገር ይመከራል። ስለዚህ በድሮ ወሬ ተደናግጣ ወደ ጣሳ ከመሮጥ ሐኪሟን ታማክር።

ከመግዛት በፊት ሒሳብ መሥራት ያስፈልጋል። ስድስት ኪሎ የሚመዝን፣ ጡት የማያገኝ ልጅ በቀን ለአንድ ኪሎ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ 900 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ለ100 ሚሊ ሊትር 13 ግራም ያህል ዱቄት ይገባል። በቀን ወደ 120 ግራም ይደርሳል፣ በወር 3.6 ኪሎ፤ በ400 ግራም ቆርቆሮ ዘጠኝ። አንድ ቆርቆሮ ሦስት ቀን ተኩል እንኳ አይሞላም። ፋርማሲ ውስጥ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ዋጋ በዘጠኝ አባዝቶ የማይገዛ አባት ወር ሳይሞላ ይደነግጣል። ያኔ የሚመጣው ፈተና ማቅጠን ነው፤ አንድ ማንኪያ ይቀነሳል፣ ወይም ውሃው ይጨመራል። ልጁ ሆዱ ስለሞላ ዝም ይላል፣ ክብደቱ ግን ይቆማል፤ ውሃው ከመጠን ሲያልፍም በደሙ ያለው ጨው ወርዶ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። በልኩ የተበጠበጠ ርካሽ ወተት ከቀጠነ ውድ ወተት በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ ለእኔ ጥሩ ወተት ማለት በአገራችን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ፣ እስከ ዓመቱ ያለ ችግር የሚገዛ፣ ሰፈር ውስጥም የማይጠፋ ቁጥር 1 ነው።

ቢጠፋስ? እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ሚቺጋን ስተርጂስ ያለው የአቦት ፋብሪካ በባክቴሪያ ምክንያት ሲዘጋ አሜሪካ ውስጥ መደርደሪያዎች ባዶ ቀሩ፤ ወታደራዊ አውሮፕላን ሳይቀር ከአውሮፓ ወተት አጓጓዘ። ሐኪሞች ያኔ ለወላጆች የነገሯቸው ቀላል ነበር፦ ልዩ ወተት ያልታዘዘለት ጤነኛ ልጅ ያገኘውን ማንኛውንም የታወቀ ዓይነት ይጠጣ፣ ግን አታቅጥኑ፣ ቤት ውስጥም አትፍጠሩ።

የውጭውን ካነሳሁ የሻንጣውን ነገር ልናገር። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የምትመጣ አክስት ቆርቆሮ ሳትይዝ አትገባም። ስጦታው መልካም ነው፤ ችግሩ ያለው ማንኪያው ላይ ነው። እኛ ዘንድ የተለመዱት አብዛኞቹ አንድ ማንኪያ ለ30 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲሉ፣ ብዙዎቹ የአሜሪካ ዱቄቶች አንድ ማንኪያ ለሁለት አውንስ፣ ማለትም ለ60 ሚሊ ሊትር ነው የሚሉት። የአንዱን ማንኪያ በሌላው ቆርቆሮ መጠቀም ወተቱን ወይ እጥፍ ያወፍራል ወይ በግማሽ ያቀጥናል። ማንኪያ ከቆርቆሮው ጋር ይኖራል፣ ከቆርቆሮው ጋር ይጣላል። ቀኑንም ማስተዋል ነው፤ 05/08 ለአሜሪካ ግንቦት፣ ለአውሮፓ ነሐሴ ማለት ነው፣ ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር።

የቀረው ውሃው ነው። ዱቄቱ ከጀርም ንጹሕ አይደለም፤ ክሮኖባክተር የሚባለው ባክቴሪያ ደርቆ ውስጡ ሊኖር ስለሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ከ70 ዲግሪ በማያንስ ውሃ እንዲበጠበጥ ይመክራል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። ከወረደ በኋላ ከግማሽ ሰዓት በላይ መጠበቅ አያስፈልግም፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል። መጀመሪያ ውሃው ይለካል፣ ቀጥሎ አፉ የተስተካከለ ማንኪያ ዱቄት፣ ከዚያ ጡጦውን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማብረድ። አንዳንድ ቆርቆሮ ላይ ለብ ያለ ውሃ ይበቃል ተብሎ ይጻፋል። ለአራስና ለደካማ ልጅ እኔ የ70 ዲግሪውን እመርጣለሁ። በስምጥ ሸለቆ፣ ወንጂና መተሐራ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚበዛበት ቦታ አለ። ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋውም፣ ጭራሽ ያጠራቅመዋል፤ እዚያ ሌላ ውሃ መፈለግ ይሻላል። ጡጦው ደግሞ ጥጉ ሁሉ እድፍ ይይዛል፤ በደንብ ማፍላት ለማይቻልበት ቤት በንጹሕ ሲኒ ማጠጣት ይቀላል፣ አራስ ልጅም ቢሆን ከሲኒ መጠጣት ይችላል።

የተበጠበጠ ወተት ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ልጁ አፉን ያሳረፈበት ትርፍም ለሚቀጥለው አይቀመጥም። ቆርቆሮው ራሱ ከተከፈተ አንድ ወር ነው ዕድሜው፤ ፍሪጅ ውስጥ ስለሚረጥብ ደረቅ ቦታ ይሁን። እያጠባች አልፎ አልፎ ብቻ የምትጨምር እናት ክዳኑ ላይ የከፈተችበትን ቀን በእስክሪብቶ ትጻፍ፤ ወሩ አልፎ ዱቄት ከተረፈ የትልልቆቹ ሻይ ውስጥ ይገባል።