ለሰውየው ወይስ ለጽሕፈት ቤቱ? የጋራ ኢሜይል ሣጥን በዩኒቨርሲቲ

ከአምባ ጊዮርጊስ ተነሥቶ ጎንደር ጉዳይ ፈጽሞ ለመመለስ አንድ የሥራ ቀን ይሄዳል። መንገዱ ያን ያህል ረጅም አይደለም፤ ቀኑን የሚበላው መኪና መጠበቁና ቢሮ ለቢሮ መዞሩ ነው። እንግዲህ ከዓመታት በፊት ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ በዚያች ከተማ የምታስተምር አንዲት መምህርት እናስብ። ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል የውጤት ማስረጃዋ እንዲላክላት ትፈልጋለች። ጓደኛዋን ባለፈው ዓመት የረዳ አንድ የሬጅስትራር ሠራተኛ ስለነበረ በእርሱ አድራሻ ኢሜይል ትጽፋለች። ሠራተኛው ግን ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል፤ የቀድሞ ሣጥኑንም አይከፍትም። መልእክቱ ያለ አንዳች እንከን ደርሷል፤ የስሕተት ማስታወቂያም አልተመለሰላትም። የማመልከቻው ጊዜ ግን አለፈ።

ይህ ችግር በወረቀት ዘመን መፍትሔ ነበረው። በአገራችን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚጻፈው ለግለሰብ ሳይሆን ለጽሕፈት ቤት ነው። በፖስታ ከመጣም የሚያርፈው በመሥሪያ ቤቱ ሣጥን ነው፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ ፖ.ሣ.ቁ. 196 ነው። መዝገብ ቤቱ ይከፍተዋል፣ ቀንና ቁጥር ይሰጠዋል፤ ኃላፊው በኅዳጉ ላይ ለማን እንደተመራ ይጽፍበታል። ኃላፊው ቢለወጥ እንኳ ደብዳቤው ከፋይሉ አይወጣም። በመዝገብ ቤት ዝግታ ሁላችንም አማርረናል፤ ሆኖም አሠራሩ ከተራ ልማድ የበለጠ ጥበብ አለው።

ኢሜይል ግን ሲወለድ ለሰው ነበር። ሬይ ቶምሊንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በኮምፒዩተሮች መረብ ላይ መልእክት ሲልክ፣ የተጠቃሚውን ስም ከኮምፒዩተሩ ስም ለመለየት ዛሬ የምናውቀውን የ«@» ምልክት መረጠ፤ ከምልክቱ በፊት የሚቆመውም የሰው ስም ነበር። የመረቡ መሐንዲሶች ጉድለቱን ለማየት ብዙ አልዘገዩም። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ደንብ እያንዳንዱ የኢሜይል ተቋም «ፖስትማስተር» በሚል ስም የሚላከውን ሁሉ እንዲቀበል አዘዘ፤ ሥራውን ማንም ይያዘው ማን፣ አድራሻው አይለወጥም። በ1997 ደግሞ ለመረጃ፣ ለሽያጭና ለመሳሰሉት አገልግሎቶች የሚሆኑ የሥራ ስሞች በዝርዝር ወጡ።

ብዙ ሰዎች አንድን ሣጥን ማየት እንዲችሉ ያደረገው ሌላ ነገር ነው። ፖፕ በሚባለው ስልት መልእክቱ ብዙውን ጊዜ ወደ አንድ ኮምፒዩተር ይወርድና ከማዕከላዊው ሰርቨር ይሰረዛል። ማርክ ክሪስፒን እ.ኤ.አ. በ1986 በስታንፎርድ የነደፈው አይማፕ ግን መልእክቱን በሰርቨሩ ላይ ያቆየዋል፤ «ተነቧል» እና «ተመልሶለታል» የሚሉት ምልክቶችም እዚያው ከመልእክቱ ጋር ይቀመጣሉ። ስለዚህ ጠዋት አንዷ ያየችውን ከሰዓት በኋላ ሌላው ከነምልክቱ ያገኘዋል።

ታዲያ የጋራ ሣጥን የሚያስፈልገው መቼ ነው? ጉዳዩ የወንበሩ ሲሆንና ተቀማጩ ሲለዋወጥ ነው፦ ሬጅስትራር፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የዶርሚተሪ አገልግሎት፣ የመግቢያ ጥያቄ። ለመላው ክፍል ማስታወቂያ ማድረስ ብቻ ከሆነ የተፈለገው፣ ለየሰዉ ቅጂ የሚበትን የአድራሻ ዝርዝር ይበቃል። የሕክምና ማስረጃ፣ በመምህር ላይ የቀረበ የትንኮሳ አቤቱታ፣ ያልጸደቀ ውጤት ግን አምስት ሰው በሚከፍተው ሣጥን ውስጥ መግባት የለባቸውም። አንድ የይለፍ ቃል ለሁሉም ማደልም አደገኛ ነው፤ ማን ምን እንደሰረዘ አይታወቅም፣ ከሥራ የለቀቀውም ቁልፉን ይዞ ይሄዳል። እያንዳንዱ በራሱ ስምና የይለፍ ቃል ገብቶ ሣጥኑን እንዲያይ ፈቃድ መስጠት ይቻላልና።

ከሁሉ የሚከፋው ሕመም ግን ከኮምፒዩተር የመጣ አይደለም። ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጥናት፣ ለየብቻቸው በተቀመጡ ተማሪዎች ጆሮ በድምፅ ማስተላለፊያ አንድ ሰው በድንገት በሚጥል ሕመም ሲጨነቅ አሰሙ፤ ድምፁ አስቀድሞ የተቀረጸ ነበር። ሰሚው እኔ ብቻ ነኝ ብለው ካመኑት 85 በመቶው ጩኸቱ ሳያበቃ እርዳታ ጠሩ። ሌሎች አራት ሰዎችም እየሰሙ ነው ብለው ካመኑት ግን ይህን ያደረጉት 31 በመቶው ብቻ ናቸው። በጋራ ሣጥን ውስጥም የምናየው ይህንኑ ነው። አንዱ መልእክቱን ከፍቶ «በኋላ እመለስበታለሁ» ይላል፤ በብዙዎቹ ሣጥኖች መልእክቱ ለሁሉም «ተነቧል» ይሆናል፤ ሌሎቹም ተፈጽሟል ብለው ያልፉታል። የመምህርታችን ደብዳቤ በግል ሣጥን እንደቀረ ሁሉ በጋራውም ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የመዝገብ ቤቱን «ይመራል» ወደ ኢሜይሉ ማምጣት ግድ ነው፦ በየዕለቱ ሣጥኑን የሚከፍት ተረኛ ይሰየም፤ እያንዳንዱ መልእክት የአንድ ሰው ስም ይለጠፍበት፤ ያልተመለሰውም እንዳልተነበበ ተደርጎ ይመለስ።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሁኔታው ለብዙ ወራት ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ መልእክት በሰርቨር ላይ ተከማችቶ ይጠብቃል፤ መረቡ ሲመለስም ክምሩን ተካፍሎ የሚያነብ ቡድን ያለው ጽሕፈት ቤት ቶሎ ይደርስለታል። ጠያቂዎችም ብንሆን የምናግዝበት መንገድ አለ። ከመልእክቱ ርእስ ላይ ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የትምህርት ክፍልና የተመረቅንበትን ዓመት እንጻፍ፤ የመጨረሻውን ቀን በመጀመሪያው መስመር እናስቀምጥ። መልስ ቢዘገይ አዲስ መልእክት ከመጀመር ይልቅ በዚያው በፊተኛው ላይ እንጨምር፤ ያለዚያ አንዱ ጉዳይ በሁለት ተረኞች እጅ ይከፈላል።