የቤት ሶላር ኢንቨርተር አቀያየር

የሶላር ኢንቨርተር በባትሪ የተጠራቀመውን ቀጥተኛ ጅረት ለቤት ዕቃዎች ወደሚያገለግል ተለዋዋጭ ጅረት (በኢትዮጵያ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ) የሚቀይር መሣሪያ ነው። እንደ አዲ አርቃይ፣ ደባርቅና ዳባት ባሉ የሰሜን ጎንደር ወረዳዎች ከኤሌክትሪክ መስመር ለራቁ ቤቶች የፀሐይ ኃይል አንዱ አማራጭ ነው።

== አደጋው ==
ኢንቨርተሩ ቢጠፋም ኃይሉ አይጠፋም። ፓነሉ ብርሃን እስካለ ድረስ ያመነጫል። የባትሪው ሁለት ጫፎች በመፍቻ ከተገናኙ በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ሊፈስና ቃጠሎ ሊደርስ ይችላል። በኢንቨርተሩ ውስጥ ያሉ ካፓሲተሮችም ከተነቀሉ በኋላ ለደቂቃዎች ኃይል ይይዛሉ።

== ቅደም ተከተል ==
መጀመሪያ የቤቱ ዕቃዎች፣ ቀጥሎ ኢንቨርተሩ፣ ከዚያም የፓነሉና የባትሪው ብሬከሮች ይጠፋሉ። የመንግሥት መብራት ከገባበት እርሱም ይቋረጣል። በአምራቹ መመሪያ የተጻፈው ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ ገመድ ከመነካቱ በፊት ኃይል አለመኖሩ በማልቲሜትር ይረጋገጣል። ከባትሪው በቅድሚያ የሚፈታው የኔጌቲቩ ገመድ ነው።

አዲሱ ኢንቨርተር ከባትሪው ቮልት (12፣ 24 ወይም 48) ጋር መስማማት አለበት፤ የፓነሎቹ ቮልትም ከሚችለው መጠን መብለጥ የለበትም። አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ቀድሞ፣ ፓነሉ ቀጥሎ፣ ዕቃዎቹ በመጨረሻ ይገናኛሉ። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ከተቀያየሩ አዲሱ መሣሪያ ወዲያው ሊቃጠል ይችላል።