ሞት ሰው ሆኖ የሚታይበት ጨዋታ

ሞት ምን እንደሚመስል አይቶ የነገረን ሰው የለም፤ ዳሩ ግን በየአገሩ ያሉ ሕዝቦች መልክ ሰጥተው፣ ልብስ አልብሰው፣ ማጭድ አስይዘው ሲሥሉት ኖረዋል። በእኛም ቋንቋ ሞት እንደ ሰው ይመጣል፣ ይወስዳል፣ ይቀማል ይባላል። ይህ ልማድ ዛሬ ልጆቻችን ብዙ ሰዓት ወደሚያሳልፉበት ወደ ቪዲዮ ጨዋታ ስለ ገባ፣ በዚያ ውስጥ የሚያገኙት ሞት ምን ዓይነት እንደ ሆነ ወላጆች ቢያውቁት መልካም ይመስለናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በፊት በጨዋታ የሚታየው ሞት ብዙውን ጊዜ ጠላት ነበር። ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1986 ባወጣው «ካስልቫንያ» በሚባለው ጨዋታ፣ ሞት የድራኩላ አገልጋይ ነው፤ መልኩ የአፅም መልክ ሆኖ ማጭድ ይወረውራል። ከእርሱ ጋር መነጋገር የለም፤ ወይ ማሸነፍ ወይ መሸነፍ ብቻ ነው።

በ2020 ግን በአሜሪካ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የሚገኘው ሱፐርጃያንት ጌምስ የተባለው ኩባንያ «ሐዴስ» የሚባለውን ጨዋታ በሙሉ ሠርቶ ሲያወጣ፣ ከዚህ በጣም የተለየ ሞት አሳየ። ታሪኩ ከጥንት የግሪክ አፈ ታሪክ የተወሰደ ነው። የሙታን አገር ንጉሥ የሐዴስ ልጅ ዛግሬዎስ፣ እናቱን ሊፈልግ ከአባቱ ቤት ለማምለጥ ይነሣል። በየመንገዱ ይዋጋል፤ በወደቀም ጊዜ ስቲክስ የተባለው ወንዝ ወደ አባቱ አዳራሽ ይመልሰዋል፤ እንደ ገናም ተነሥቶ ይሄዳል። ይህ ሥራ በ2021 የሁጎ ሽልማትን አግኝቷል፤ ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው የቪዲዮ ጨዋታም እርሱ ነው።

በዚህ ጨዋታ ሞት ታናቶስ ይባላል፤ ቃሉም በግሪክ ቋንቋ ያው ሞት ማለት ነው። የሌሊት እመቤት የኒክስ ልጅ ሲሆን ከዛግሬዎስ ጋር በአንድ ቤት አድጓል። ፀጉሩ ነጭ ነው፤ ዓይኖቹ የወርቅ ቀለም አላቸው፤ በእጁም ረጅም ማጭድ ይዟል። ሲመጣ ደወል ይሰማል። ንግግሩ አጭር፣ ጠባዩም ጭምት ነው፤ ነፍሳትን የመሰብሰብ ሥራው ስለሚበዛበት፣ ግዴታውን በሰዓቱ ለመፈጸም የሚቸኩል ሹም ይመስላል። አንዳንድ ጊዜ በውጊያው መካከል ድንገት ደርሶ፣ ብዙ ጠላት የሚጥል ማን እንደ ሆነ ከዛግሬዎስ ጋር ይወዳደራል። ዛግሬዎስ ቢያሸንፍ ታናቶስ የሕይወቱን ኃይል የሚጨምር ልብ ይሰጠዋል። ሞት ራሱ ሕይወት ሲጨምር ማየት የሚያስደንቅ ነገር ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን ቅሬታው ነው። ታናቶስን ያሳዘነው፣ አብሮ አደጉ አንድ ቃል ሳይናገርና ሳይሰናበት ከቤት መውጣቱ ነው። ሰውን ሁሉ ከወዳጆቹ የሚለየው ሞት፣ ስንብት በማጣቱ ያዝናል።

ይህ አሳብ ከባዶ የመጣ አይደለም። ሄሲዮዶስ የተባለው የግሪክ ባለቅኔ ሞትንና እንቅልፍን የሌሊት ልጆች አድርጎ ጽፏል፤ ሆሜሮስም እነዚህ ሁለት መንትያዎች በጦርነት የወደቀውን ሳርፔዶንን ተሸክመው ወደ አገሩ ወደ ሊቅያ እንዳደረሱት ተርኳል። ሲሲፎስ የተባለው ተንኰለኛ ንጉሥ ደግሞ ሞትን አታልሎ ስላሰረው፣ የጦርነት አምላክ አሬስ እስኪፈታው ድረስ ማንም ሰው ሊሞት እንዳልቻለ ይነገራል። እንግዲህ የጥንት ግሪኮች ሞትን ቢፈሩትም፣ ሬሳን ወደ ዘመዶቹ የሚያደርስ አገልጋይ አድርገውም ያስቡት ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ጨዋታው በአሜሪካ የተፈቀደው 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ልጆች ነው፤ ስለዚህ ለሕፃናት የሚሰጥ አይደለም። ለደረሰውም ልጅ ቢሆን ጨዋታው የማያስተምረው አንድ ነገር አለ። ዛግሬዎስ በሞተ ቁጥር ይመለሳል፤ የታናቶስ ወንድም እንቅልፍ፣ ስሙ ሂፕኖስ የሚባለው፣ በአዳራሹ ቆሞ በምን እንደ ሞተ ከመዝገብ እያነበበ በቀልድ ይቀበለዋል። ከቤታችን የሚለየን ዘመድ ግን እንዲህ አይመለስም። ትንንሽ ልጆች፣ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ዓመት እስኪሆናቸው ድረስ፣ ሞት መመለሻ የሌለው መሆኑን በሚገባ አያስተውሉም። ስለዚህ ይህን ገልጦ መናገር የወላጅ ፋንታ ነው።

በብዙ ቤት ሰው ሲሞት ልጆችን ወደ ጎረቤት መስደድ፣ ለጠየቁም «ሩቅ አገር ሄዷል» ወይም «ተኝቷል» ብሎ መመለስ የተለመደ ነው። ይህ ከርኅራኄ የሚመጣ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን «ሄዷል» የተባለው ልጅ በር በርን እያየ ይጠብቃል፤ «ተኝቷል» የተባለውም መኝታውን መፍራት ይጀምራል። እንቅልፍና ሞት መንትያ መሆናቸው ለባለቅኔ ያምራል፤ ለሕፃን ግን ያስጨንቃል። ለአዋቂ ዘመድ መርዶ ሲነገር ሰዓት ተመርጦ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በጥንቃቄ ነው፤ ልጅም ከዚህ ክብር ጥቂት ሊደርሰው ይገባል። የሚወደው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ፣ እጁን ይዞ፣ በአጭርና በእውነተኛ ቃል ቢነግረው፣ የሚያለቅስም እንደ ሆነ አብሮት ቢያለቅስ ይበቃል። አቅሙ የፈቀደ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ሳያስገድዱት፣ እንዲሰናበት ቢያደርጉት መልካም ነው።

እንግዲህ ልጃችሁ ይህን ጨዋታ ሲጫወት ብታገኙት፣ ከመቈጣት በፊት ጥቂት አብራችሁት ተቀመጡ፤ «ይህ ሞት የተባለው ስለ ምን አዘነ?» ብላችሁም ጠይቁት። ልጁ ከሚመልሰው ቃል፣ በልቡ ይዞት ለማንም ያልነገረውን ኀዘን ታገኙ ይሆናል።