ያውቁ ኖሯል? ያልተመዘገበ ወንጀል በቁጥር አይታይም

የፖሊስ ሪፖርት የሚነግረን የተፈጸመውን ሁሉ ሳይሆን የተመዘገበውን ብቻ ነው።

• በቆቃ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ብዙ ጠብ በጃርሱማ፣ በአገር ሽማግሌ እርቅ ያልቃል፤ መዝገብ አይከፈትበትም።

• በ2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 በመቶ የሚሆኑት እርዳታ አልጠየቁም፤ ለማንም አልተናገሩም።

• ከተማን ከገጠር ለማነጻጸር የመዝገቡን ብዛት ከነዋሪው ጋር ያሰሉ። አዳማ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 220,212 ነዋሪ ነበራት፤ በዚህ ስሌት 220 ወንጀል ቢመዘገብ ለ100,000 ሰው 100 ያህል ይደርሳል።

ቁጥሩ ሲጨምር ወንጀል በዛ ብለን ብቻ አንደንግጥ፤ ተበዳዮች ደፍረው ሲያመለክቱም ይጨምራል። ያ ደግሞ ሊበረታታ የሚገባው ነው።