የወለቀ ትከሻ ከተመለሰ በኋላ

በሰበታ ፋብሪካዎች ደጃፍ ከማለዳ ጀምሮ ጭነት ይወርዳል፤ ይጫናል። በቡራዩና በሱሉልታም ግንባታው ብዙ ነው፤ ባጃጁም በየሰፈሩ ይመላለሳል። ኩንታል እንደተሸከሙ መሰናከል፣ ከእንጨት መወጣጫ ላይ መውደቅ ወይም የባጃጅ መገልበጥ ትከሻን ሊያወልቅ ይችላል። በጉልበቱ ሠርቶ ለሚያድር ሰው ደግሞ የትከሻ ጉዳት የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ትከሻ ከመገጣጠሚያዎቻችን ሁሉ በብዙ አቅጣጫ የሚንቀሳቀስ ነው። የክንድ አጥንት ክብ ጫፍ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ቦታ ጥልቀት ስለሌለው አጥንቱን በዋናነት የሚይዙት በዙሪያው ያሉ ጡንቻዎችና ጅማቶች ናቸው። በቀላሉ የሚወልቀውም ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው ጉዳቱ እንደደረሰበት ወደ ወጌሻ ይሄዳል። ሆኖም ከውልቃቱ ጋር ስብራት ሊኖር ስለሚችል ራጅ ሳይነሱ መጎተት ነርቭና የደም ሥርን ሊጎዳ ይችላል። አጥብቆ ማሰርም የደም ዝውውርን ያውካል። የሚሻለው ክንድን በነጠላ ከደረት ጋር ደግፎ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ጣቶች ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ ለአፍታም ሊዘገይ አይገባም።

ትከሻው ወደ ቦታው መመለሱ ግን የሕክምናው መጨረሻ አይደለም። አንዳንዱ ሕመሙ ሲቀልለት ወዲያው ወደ ሸክም ይመለሳል፤ ትከሻውም ዳግም ይወልቃል። በተለይ በወጣቶች ላይ ይህ በብዛት ይታያል። ሌላው ደግሞ በፍርሃት ክንዱን ለወራት አንጠልጥሎ ይቆያል፤ መገጣጠሚያውም ይደርቅና ልብስ መልበስ እንኳ ይቸግረዋል። ፊዚዮቴራፒ ከሁለቱም ስህተቶች ይጠብቃል።

አብዛኛውን ጊዜ ክንድ በማንገቻ የሚቆየው ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ነው። በዚህ ጊዜም ጣትን፣ አንጓንና ክርንን ማንቀሳቀስ ይገባል። ከዚያም ባለሙያው ሲፈቅድ በደህናው እጅ ጠረጴዛ ተደግፎ ጎንበስ በማለት የተጎዳውን ክንድ አንጠልጥሎ በዝግታ ማወዛወዝ ይጀመራል። ቀጥሎ ፊት ለፊት ወደ ግድግዳ ቆሞ ጣቶችን እያራመዱ ክንድን ቀስ በቀስ ወደ ላይ ማውጣት ይቻላል። ጡንቻን ማጠንከር የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ ለዚህም ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ ለመነሻ ሊያገለግል ይችላል። መጠነኛ መወጠር ያለ ነው፤ የሚወጋ ሕመም ሲሰማ ግን ማቆም ያስፈልጋል።

ለሕክምና አዲስ አበባ ድረስ ለሚመላለስ ታካሚ የትራንስፖርት ወጪው ቀላል አይደለም። ብዙዎች ክትትላቸውን የሚያቋርጡትም በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ችግር ያለበት ሰው በመጀመሪያው ቀጠሮ ለባለሙያው በግልጽ ይንገር። እንቅስቃሴዎቹን በፊቱ ሠርቶ እንዲያርመው፣ በቤት የሚሠራውንም በወረቀት እንዲጽፍለት ይጠይቅ። በየቀኑ በቤት የሚደረግ ጥቂት ደቂቃ እንቅስቃሴ የቀጠሮውን መራራቅ ይክሳል።

ወደ ከባድ ሸክም ለመመለስ ብዙ ጊዜ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ይወስዳል። እስከዚያው አሠሪውን ቀለል ያለ ሥራ መጠየቅ ነውር የለውም። ትከሻው ዳግም ከወለቀ ከሥራ የሚያርቀው ጊዜ ከዚህም ሊረዝም ይችላል።