ዝገቱ የት ላይ ነው? አሮጌ መኪናን ደጅ ላይ ስለመጠገን

እስራኤል ውስጥ፣ ያቭነ ከተማ ሃያ ዓመት ያገለገለች መኪና የሚነዳ ሰው ቴስት (የመኪና ፈቃድ ምርመራ) ሲቃረብ ነገሩ ይከብደዋል። መኪናዋ ጉብታ ስትሻገር ከፊት በኩል ትንኳኳለች። ጎንበስ ብሎ ሲያያት ሞላው ቡናማ ሆኗል። ሙሳክ (ጋራዥ) የሚጠይቀው ገንዘብ ደግሞ ከመኪናዋ ዋጋ ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም። «ለምን እኔው ደጅ ላይ አልፈታውም?» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ያኔ ነው። ክሪክ አለ፣ መፍቻ አለ፣ አገር ቤት ጋራዥ የሠራ ዘመድም አይጠፋም።

ግን ከሙያውም ከመሣሪያውም በፊት መታወቅ ያለበት ዝገቱ የት ላይ እንዳለ ነው። ተፈትቶ በሚቀየረው ዕቃ ላይ ነው ወይስ ዕቃው በታሰረበት የመኪናዋ አካል ላይ? ውሳኔው በአብዛኛው የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው።

ያለ ዝናብ የሚዝግ ብረት

ብረት እንዲዝግ ኦክስጅንና ውሃ ይበቁታል። እርጥበት ሲያገኘው አንዱ የብረቱ ክፍል ኤሌክትሮን እየለቀቀ ይሟሟል፤ በሌላው ክፍል ላይ ያለው ኦክስጅን ኤሌክትሮኑን ይቀበላል። በሁለቱ መካከል ጥቂት የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል። ንጹሕ ውሃ ይህን ጅረት በደንብ አያስተላልፍም፤ ጨው የገባበት ውሃ ግን መንገዱን ይከፍትለታል፣ ዝገቱም ይፋጠናል።

ያቭነ ከሜዲትራኒያን ባሕር 6 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ገዴራና ቅርያት ማላኪ ደግሞ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ። ነፋስ ከባሕር የሚያመጣው ጨው በብዛት የሚወርደው ባሕሩ አጠገብ ስለሆነ፣ አሽዶድ ባሕር ዳር ስታድር የኖረች መኪና ገዴራ ካደረችው ቀድማ ትዝጋለች። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ስንት ኪሎ ሜትር እንደነዳች ብቻ ሳይሆን የት ስታድር እንደኖረችም ቢጠይቅ ይጠቀማል።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጠብታ ዝናብ ሳይወርድስ መኪና እንዴት ይዝጋል? የገበታ ጨው የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲደርስ ከአየር ውሃ ስቦ ይሟሟል። በባሕር ጨው ውስጥ ያለው ማግኒዥየም ክሎራይድ ደግሞ 33 በመቶ ላይ እንኳ ይረጥባል። በባሕር ዳሩ ሜዳ የሌሊቱ እርጥበት ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ስለሚበልጥ ቀን የደረቀ የመሰለው ብረት ሌሊት ይረጥባል። ጎንደር ላይ ነገሩ ሌላ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ክረምቱ ዶፍ ቢያወርድም ውሃው ጨው የለበትም። አዲስ አበባ ውስጥ የድሮ ቮልስዋገኖች እስከ ዛሬ መንገድ ላይ የሚታዩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በሰሜን አውሮፓ ግን መንገዱ ላይ የሚበተነው የበረዶ ማቅለጫ ጨው መኪናውን ከሥር ይበላዋል።

ሞላው ምን ይሸከማል?

ሞላ (ሙሳክ ውስጥ «ክፊጽ» የሚሉት) ጎማው ጉብታ ሲመታ ይጨመቅና ጉልበቱን ያከማቻል፤ ከዚያ መልሶ ይለቀዋል። ብቻውን ቢሆን ኖሮ መኪናዋ ከእያንዳንዱ ጉብታ በኋላ በሰከንድ አንድ ጊዜ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ እየዘለለች ትቆይ ነበር። ይህን የሚያረጋጋው ሾኩ ነው፤ ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ ጉልበቱን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሾኩ ሲደክም ጎማው መሬቱን እየለቀቀ ይነጥራል። ፍሬኑም መሪውም የሚሠሩት የእጅ መዳፍ በሚያህል የጎማ ንክኪ በኩል በመሆኑ፣ ጎማው ከመሬት ሲለያይ ሁለቱም ይጠፋሉ።

ሞላ ሲጨመቅ ሽቦው ይጠመዘዛል። በተጠመዘዘ ብረት ላይ ከፍተኛው ጫና የሚያርፈው በላዩ ላይ ነው፤ መካከሉ እምብዛም አይሸከምም። ዝገት ደግሞ የሚጀምረው ከላይ ነው። የ12 ሚሊ ሜትር ሽቦ ዙሪያውን ግማሽ ሚሊ ሜትር ተበልቶ 11 ሚሊ ሜትር ቀረ እንበል። ብረቱ የቀነሰው 16 በመቶ ነው፤ መጠምዘዝን የመቋቋም አቅሙ ግን የሚለካው በውፍረቱ ኪዩብ ስለሆነ 23 በመቶ ይወርዳል። በዚያ ላይ ዝገት እኩል አይበላም፤ ጉድጓድ ይቆፍራል። ከጉድጓዱ ስንጥቅ ይጀምርና በእያንዳንዱ ጉብታ እያደገ አንድ ቀን ሞላው ይሰበራል።

ብዙ ጊዜ የሚሰበረው የታችኛው ጫፍ ነው። ጎማውን አውጥቶ ሞላው የተቀመጠበትን ሳህን በካቻቪቴ የጫረ ሰው ምክንያቱን ያየዋል። በአካባቢው ሐምራ የሚባለው ቀይ አሸዋማ አፈር ከደረቀ ሣር ጋር ተጠቅጥቋል፤ ላዩ አቧራ ነው፣ ከሥር ግን ይረጥባል። የሽቦ ብሩሽ ሲነካው ቀለሙ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይነሣል፤ ከሥሩ ጥቋቁር ጉድጓዶች ብቅ ይላሉ። ላዩ ብቻ ብርቱካንማ ሆኖ ሲቦረሽ ለስላሳ ብረት የሚወጣ ከሆነ አያሰጋም። ጉድጓድ ካለ ሞላው መቀየር አለበት።

አካሉን መመርመር

ሞላም ሾክም ይገዛል። የማይገዛው የታሰሩበት ነው፤ ይኸውም በሞተሩ ግራና ቀኝ ያለው የሾኩ መያዣ ማማ፣ የታችኛው ክንድ የሚታሰርበት ቦታና ሻንሲው። እነዚህን በትንሽ መዶሻ መታ መታ ማድረግ ነው። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ድምፁ የታፈነ ነው። ካቻቪቴ ተጭነውት ከገባ ምርመራው አበቃ። ዝገት ከበላው ብረት ቢያንስ ሁለት እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ፣ ያበጠ መጋጠሚያና የተነሣ ቀለም ከሥሩ ያለውን ይናገራሉ። በአሮጌ መኪና ሥር አዲስ ጥቁር ቅብ ሲታይም መጠርጠር ደግ ነው።

ደጅ ላይ የሚሠራና የማይሠራ

ከአብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች ፊት ያለው፣ አሜሪካዊው መሐንዲስ ኧርል ማክፈርሰን በ1940ዎቹ የነደፈው ዓይነት ነው፤ ሾኩ ሞላው ውስጥ አልፎ ሁለቱ አንድ ምሰሶ ይሆናሉ። ለመለያየት ሞላው መጨመቅ አለበት። 15 ሴንቲ ሜትር የተጨመቀ ተራ የመኪና ሞላ 225 ጁል ያህል ጉልበት ሊይዝ ይችላል፤ ይህም 5 ኪሎ ብረት ከ4 ሜትር ተኩል ከፍታ ሲወድቅ የሚመታበት ጉልበት ነው። ተስፈንጥሮ ፊት ላይ ቢያርፍ ይገድላል። ዝጎ የተሰነጠቀ ሞላ ደግሞ እየተጨመቀ ሳለ ሊሰበር ይችላል። ይህ ሥራ ለሙሳክ ይተው።

የማረጋጊያውን ዘንግ የሚይዘው አጭር ማገናኛና፣ ሞላና ሾክ ተለያይተው በሚቆሙበት መኪና ላይ የኋላው ሾክ ግን ለለመደ እጅ ይቻላሉ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም፤ ከሥር ከመግባት በፊት መኪናዋ በብረት መቆሚያ ላይ ማረፍ አለባት። በሐምሌ ሙቀት አስፋልት ስለሚለሰልስ ከመቆሚያው ሥር ወፍራም ሳንቃ ይደረጋል። የኋላው ሾክ ሲፈታም ያንን ጎን የሚሸከመውን ክንድ በሌላ ክሪክ መደገፍ ግድ ነው።

የሚያስቸግረው ብሎኑ ነው። ዝገቱ አብጦ ጥርሱን ስለሚሞላው በጉልበት ሲፈታ ይቆረጣል። ማላቀቂያ ዘይት ረጭቶ ማሳደር፣ በማግስቱ ጥቂት እየፈቱ ጥቂት መልሶ እያጠበቁ ማውጣት ይሻላል። ጎሚኒ ያለበት ብሎን መጨረሻ የሚጠብቀው መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ነው፤ ተንጠልጥላ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጣሞ ቶሎ ይቀደዳል። ማጥበቂያውም ልኩን በሚያሳይ መፍቻ ይሁን፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የፊቱ ሞላ ወይም ክንድ ከተቀየረ በኋላ የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል፣ ኪቩን ፍሮንት የሚሉት፣ አይቀርም።

ሒሳቡ

ቴስት ላይ መኪናዋ ጉድጓድ ላይ ቆማ መሪዋና የፊት እግሯ ይፈተሻሉ። የደኅንነት ጉድለት ከተገኘ ከተፈቀደለት ሙሳክ የጥገና ወረቀት ሊጠየቅ ስለሚችል፣ ደጅ ላይ ከመጀመር በፊት የቴስቱን ቦታ መጠየቅ ሁለተኛ ወጪ ያድናል። ከዚያ ሌቪ ይጽሐቅ የሚባለውን ያገለገሉ መኪኖች የዋጋ ዝርዝር አይቶ መኪናዋ ዛሬ የምታወጣውን ከጥገናው ጋር ማነጻጸር ነው። ሞላና ሾክ ደግሞ በግራም በቀኝም ጥንድ ሆነው እንደሚቀየሩ አይረሳ።

አካሉ ጤነኛ ከሆነና የዛገው ዕቃው ብቻ ከሆነ መጠገን ያዋጣል፤ ማገናኛውን ደጅ ላይ፣ ምሰሶውን ሙሳክ። ማማው ወይም ሻንሲው ከበሰበሰ ግን አዲስ ሞላ ለበሰበሰ ብረት የሚሸከመውን ጫና አይቀንስለትም። ያቺ መኪና የቱንም ያህል ብትወደድ ቦታዋ ፒሩክ (የመኪና ማፍረሻ) ነው፤ ለዕቃ ሊወጣ የነበረውም ገንዘብ ለሚቀጥለው መኪና ይቀመጥ።